በበቆጂ ደን ውስጥ ያለው ጸጥታ
ስለ አንድ ፊልምና ስለ አንድ አመለካከት የቀረበ ሂስ

ሀ. መነሻ

ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የጭላሎንና የጋላማን ተራሮች በግራው እያየ፥ የስንዴና የገብስ እርሻ እያቋረጠ በቆጂ ይደርሳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ናት። ስሟ በዓለም የታወቀው ግን በእህሏ ሳይሆን በልጆቿ እግር ነው፤ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና፥ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በቤጂንግ የወርቅ ሜዳልያ ያገኙት ከዚህችው ከተማና ከአካባቢዋ ተነሥተው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።)

በከተማይቱ ዳር ሯጮች ማለዳ የሚሠለጥኑበት የባሕር ዛፍ ደን አለ። ስለ በቆጂ ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ደን ሳይጠቅሱ አላለፉም። አጻጻፋቸውም በብዙው አንድ ዐይነት ነው፤ ጭጋግ፥ በዛፎች መካከል ሾልኮ የሚገባ የማለዳ ብርሃን፥ በወደቀ ቅጠል ላይ የሚሰማ ኮቴ፥ ከዚያም ጸጥታ። ይኸው ሥዕል በእኛው ጋዜጦችና በእኛው ተማሪዎች ድርሰት ውስጥ ተቀድቶ ይገኛል። አንባቢ ስሞቹን አውጥቶ ቢያነበው ስለ አርሲ ደጋ የተጻፈ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም፤ በእንግሊዝ አገር ስላለ ሰላማዊ ደንና በዙሪያው ስላለ ገጠር የተጻፈ ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሥዕል መመርመር ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን እንግለጥ። ጸጥታው ሐሰት ነው አንልም፤ እኛም በደኑ ውስጥ ቆመን ሰምተነዋል። ነገር ግን ጸጥታ ብለን የምንጠራው ነገር ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ሲመረመር የምናገኘው ሰላም ሳይሆን ሥራ ነው። ደኑን ሰላማዊ አድርጎ የሚያየው ሰው በደኑ ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው ነው። ይህም የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቦታ በምን ስም እንደ ተጠራ፥ በዚያ ቦታ ማን እንግዳ ማን ባለቤት እንደሚባል የሚወስን ነውና።

ለ. ሥዕሉ የተቀዳበት ምንጭ

በመጀመሪያ ምንጩን እንመልከት። በእንግሊዝኛ ትምህርት ያደገ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የእንግሊዝን ደን ሳያየው ያውቀዋል። የዋርካን ጥላ ከማስተዋሉ በፊት የኦክን ጥላ በመጽሐፍ አንብቧል። ስለዚህ ስለ አገሩ ደን ሊጽፍ በተቀመጠ ጊዜ ብዕሩ ወደ ለመደው ሥዕል ቢያዘነብል የሚያስደንቅ አይደለም።

የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። እንግሊዛውያን ራሳቸው ያንን ሥዕል ካፈረሱት ቈይተዋል። ኦሊቨር ራክሃም የተባሉት የዕፀዋት ሊቅ በብሪታንያ መልክዐ ምድር ስላሉት ዛፎችና ደኖች በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የጥንት የሚባለው የእንግሊዝ ደን በብዙ ስፍራ ለብዙ መቶ ዓመታት በሰው እጅ ሲሠራበት የኖረ መሆኑን አስረድተዋል። ዛፉ ከሥሩ አጠገብ ይቈረጣል፤ ከጉቶው ቀንበጥ ያቈጠቍጣል፤ ቀንበጡም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለማገዶ፥ ለአጥርና ለመሣሪያ እጀታ እንደ ገና ይቈረጣል። ጸጥ ያለው ደን የመንደሩ ማገዶ ቤት ነበረ ማለት ነው።

ስለ ሥዕል ጥበብም እንዲሁ ነው። ጆን ኮንስታብል በ1821 «የድርቆሽ ጋሪ» የተባለውን ዝነኛ ሥዕል አሳዩ። ወንዝ፥ ጋሪ፥ ጐጆ፥ በሩቅም የሚታይ የድርቆሽ መስክ ያለበት የሱፎክ አውራጃ ሥዕል ነው። በሚቀጥለው በ1822 በዚያው አውራጃ ሥራ ያጡ የእርሻ ሠራተኞች የመውቂያ መኪናዎችን ይሰባብሩ ነበር። ጆን ባረል በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ድኻው ሠራተኛ ወደ ሩቅና ወደ ጥላ የተገፋው ያለ ምክንያት አለመሆኑን ይከራከራሉ። ከርሳቸውም በፊት የባቡር ሐዲድ ምልክት ሠራተኛ ልጅ የነበሩት ሬይመንድ ዊሊያምስ ስለ ገጠርና ስለ ከተማ በ1973 በጻፉት መጽሐፍ፥ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ የተመሰገነው ገጠር ብዙ ጊዜ ሥራውና የሚሠራው ሰው የተፋቁበት ገጠር መሆኑን አሳይተዋል።

እንግዲህ እኛ የምንቀዳው ባለቤቶቹ ራሳቸው የጠረጠሩትን ነገር ነው።

ሐ. የበቆጂ ደን በእርግጥ ምንድር ነው?

አማርኛችን ከጸሐፊዎቻችን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ዛፉን ባሕር ዛፍ ብሎ ሲጠራው ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን በስሙ ላይ ጽፎበታል። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890ዎቹ ዓመታት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ አዲስ አበባ የማገዶ እጥረት በበረታባት ጊዜ ነው። በኦሮምኛ ባርጋሞ ይባላል። ቶሎ ያድጋል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ገበሬው የወደደው ስለ ውበቱ ሳይሆን ስለነዚህ ሦስት ነገሮች ነው። በዚህ ረገድ የበቆጂ ደን ራክሃም የገለጡትን የእንግሊዝ ደን ይመስላል፤ ጸሐፊዎች ባሰቡት መንገድ አይደለም እንጂ።

የአርሲ ደጋ የራሱ ዛፍ ሌላ ነው፤ ጽድ፥ ዝግባ፥ ወይራ፥ ከፍ ሲልም ኮሶ፥ ከዚያ በላይ አስታ ነው። ከዚህ ደን የተረፈው በተራሮቹ ላይና እንደ ሙኔሳ ባሉ ቦታዎች የሚገኝ ነው። የደጋ አጋዘን የሚባለው እንስሳ፥ በዓለም ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው፥ የነዚህ ተራሮች ነዋሪ ነው። አይቮር በክስተን የተባሉ እንግሊዛዊ አዳኝ በ1908 በዚሁ በአርሲ ገድለው ካመጡት በኋላ በ1910 ለሳይንስ ተገልጦ የላቲን ስሙ በርሳቸው ተሰየመ። አገሬው ግን እንስሳውን ከዚያ በፊት በራሱ ስም ሲጠራው ኖሯል። ይህን የምንጠቅሰው «አገኘ» የሚለው ቃልና «ጸጥ ያለ ደን» የሚለው ሐረግ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ ነው፤ ሁለቱም የሚጀምሩት እንግዳው ከደረሰበት ሰዓት ነውና።

አሁን ወደ ጸጥታው እንመለስ። በኮሶና በጽድ ደን ውስጥ የቆመ ሰው ጸጥታ አይሰማም፤ ወፍ አለ፥ ዝንጀሮ ወይም ጉሬዛ አለ፥ ከዛፉ ሥር ቍጥቋጦና ሐረግ አለ። በባሕር ዛፍ ተከላ ውስጥ ግን ከዛፉ ሥር የሚበቅለው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሚኖርበትም ወፍ ጥቂት ነው። የወደቀው ቅጠል መሬቱን ስለሚሸፍነው ኮቴን ያፍነዋል። እንግዲህ ጸሐፊዎቹ የጥንት ሰላም ያሉት ነገር ከፊሉ የተከላ ደን ድኽነት ነው። እንዲህ ማለታችን ባሕር ዛፍን ለመንቀፍ አይደለም። ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ በማገዶና በቤት መሥሪያ የተነሣ ከአገር በቀሉ ደን የተረፈው ምን ያህል በሆነ ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የምንለው ይህ ብቻ ነው፤ ድኽነትን ሰላም ብሎ መጥራት የሂስ ስሕተት ነው።

ደግሞም ጸጥታው ሙሉ አይደለም። ጆሮውን የሰጠ ሰው የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። አጣና የሚቈርጥ አለ፤ በአህያ የሚጭን አለ፤ ለምጣድ የሚሆን ቅጠል ጠርገው፥ ጭራሮ ለቅመው፥ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችና ልጃገረዶች አሉ። ከሯጮቹ ጋር በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ካሜራው ሯጮቹን ሲከተል ሸክም የያዘችው ሴት ከሥዕሉ ዳር ትወጣለች።

በደኑ ዙሪያ ያለው ገጠርም የራሱ ታሪክ አለው። በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ማዕከሉን አሰላ ላይ አድርጎ ተቋቋመ። ለትንንሽ ገበሬዎች የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ የስንዴውም ምርት ጨመረ። ነገር ግን ትርፉ በታወቀ ጊዜ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ማስነሣት ጀመሩ። ድርጅቱ ሊረዳቸው ከታሰቡት ሰዎች ብዙዎቹ በርሱ ምክንያት በመጣው ለውጥ ተነቀሉ። የጭሰኝነት ሥርዓት ያበቃው በ1975 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በኅዳር ወር የበሰለውን ስንዴ እያየን «እንዴት ያለ ሰላም ነው!» ስንል፥ ኮንስታብልን ሲያደንቅ በ1822 የተሰበሩትን መኪናዎች እንደ ረሳው ተመልካች መሆናችን ነው።

መ. «የሯጮች ከተማ»

እስካሁን የተናገርነው ስለ አመለካከት ነው፤ አሁን ወደ አንድ ሥራ እንምጣ። እንግሊዛዊው የፊልም አዘጋጅ ሚስተር ጄሪ ሮትዌል በ2012 ያወጡት «የሯጮች ከተማ» የተባለው ፊልም በቆጂን ለዓለም ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱ ነው። ሁለት ልጃገረዶች ሯጭ ለመሆን የሚያደርጉትን ጥረት ለብዙ ዓመታት ይከተላል። ታሪኩን የሚተርከው በከተማይቱ ትንሽ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ነው። አሠልጣኛቸው ደራርቱንና ቀነኒሳን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው።

ስለ ፊልሙ መልካም ጐን አስቀድመን እንናገር፤ ብዙ ነውና። አንደኛ፥ አዘጋጁ ትረካውን ለራሳቸው ወይም ለአንድ እንግዳ ድምፅ አልሰጡም፤ ከሱቁ መስኮት አላፊ አግዳሚውን ለሚያይ ልጅ ሰጡ። ሁለተኛ፥ ጊዜ ሰጡ፤ አንድ ሳምንት ቈይቶ የሚመለስ ሰው የማያየውን ነገር ዐዩ። ዝናም ሲዘገይ ገበሬው ሲጨነቅ፥ በከተማይቱ አዲስ መንገድ ሲሠራ፥ ልጃገረዶቹ ከቤታቸው ርቀው ወደ ማሠልጠኛ ሲሄዱ ይታያል። ሦስተኛውና ዋነኛው፥ ፊልሙ ሩጫ ሁሉ ወደ ሜዳልያ አያደርስም ብሎ በግልጥ ይናገራል። ተስፋ የሚደርስበትን ብቻ ሳይሆን ተስፋ የሚቀርበትንም ስላሳየ፥ ከጋዜጦቹ የሜዳልያ ተረት የተሻለ እውነት ነው።

ነቀፋችን ስለ ደኑ ነው። ሰዉን በዚህን ያህል ትዕግሥት የተመለከተው ዐይን ዛፉ ዘንድ ሲደርስ ትዕግሥቱን ያጣል። ደኑ ለሩጫው መጋረጃ ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ ከየት እንደ መጡ እናውቃለን፤ ዛፉ ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ተከለው፥ ማን እንደሚቈርጠው ግን ጥያቄ ሆኖ አይነሣም።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። «ፊልሙ ስለ ሯጮች እንጂ ስለ ደን ልማት አይደለም፤ ከአንድ ሥራ ያልተነሣበትን ዓላማ መጠየቅ ትክክለኛ ሂስ አይደለም» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። መልሳችን ይህ ነው። ደኑ ዝም ብሎ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ባልጠየቅንም ነበር። ነገር ግን በዚህ ዐይነት ሥራዎች ሁሉ ደኑ እንደ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል፤ ተመልካቹ ከዛፉና ከጭጋጉ ተነሥቶ «እንዲህ ካለ ንጹሕ ቦታ እንዲህ ያሉ ሯጮች መውጣታቸው ምን ይደንቃል» ወደሚል ሐሳብ ይመራል። ምክንያት ሆኖ የቀረበ ነገር ደግሞ ሊመረመር ይገባል።

ሲመረመርም አይቆምም። ሮበርት ስኮትና ያኒስ ፒትሲላዲስ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በ2003 ባወጡት ጥናት፥ ከታላላቆቹ የኢትዮጵያ የረዥም ርቀት ሯጮች መካከል የአርሲ ልጆች ከሕዝቡ ቍጥር ጋር ሲመዛዘኑ እጅግ የበዙ መሆናቸውን፥ ከሯጮቹም ብዙዎቹ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በሩጫ እንደ ነበር ገልጠዋል። በዚህ ላይ የከፍታው ቀጭን አየር፥ የአሠልጣኙ ትጋት፥ ቀድሞ ያሸነፈች የጎረቤት ልጅ ምሳሌነት ይጨመራል። እነዚህ ሁሉ መንገድ፥ ትምህርት ቤትና ሰው ናቸው።

እንግዲህ ደኑ ለሯጩ ምንም አይጠቅምም ማለት ነውን? አይደለም። በዚህ ነገር ከፊልሙ ይልቅ ማይክል ክሮሊ የተባሉት የኅብረተሰብ ተመራማሪ፥ ራሳቸውም ሯጭ የሆኑት፥ በ2020 ያሳተሙት መጽሐፍ የተሻለ ብርሃን ይሰጣል። ከኢትዮጵያውያን ሯጮች ጋር ኖረው፥ በእንጦጦና በሌሎችም ቦታዎች አብረው ሮጠው እንደ ጻፉት፥ ሯጮቹ የሚሮጡበትን መሬት በብዙ ዕውቀት ይመርጣሉ። ለስላሳ አፈር፥ ዳገት፥ ቅዝቃዜ እያሉ ለየቀኑ ልምምድ የሚሆነውን ይለያሉ። በደኑ ውስጥ በዛፍና በዛፍ መካከል እየተጠማዘዙ፥ የፊተኛውን ሯጭ እግር በዐይን እየተከተሉ መሮጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሥር እንዳያደናቅፈው፥ ግንድ እንዳይመታው ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሚሮጥ ልጅ በጸጥታ አይደሰትም፤ እየሠራ ነው። ለርሱ ደኑ መሣሪያ ነው፤ አጣና ለሚቈርጠው ገበሬ ገንዘብ፥ ጭራሮ ለምትለቅመው ሴት እራት እንደ ሆነ ሁሉ።

ስለዚህ በደኑ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ብንቈጥር የማይሠራ አናገኝም፤ ካሜራውን ከያዘው ሰውና ደብተር ይዘን ከቆምነው ከእኛ በቀር። ካሜራ መያዝም ሥራ ነው ቢባል እሺ እንላለን፤ ነገር ግን ዛፉ ቢቈረጥ ወይም ባይቈረጥ ከኑሮው የሚጐድልበት የለም።

ሠ. ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

አንድ ሰው «ደኑን ውብ ነው ብሎ መናገር ማንን ይጐዳል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እንጦጦን እናስታውስ። የእንጦጦ ደን ለረዥም ዘመን የአዲስ አበባ ማገዶ ምንጭ ነበር፤ ጐንበስ ብለው የጭራሮ ሸክም ይዘው የሚወርዱት ሴቶች በፎቶግራፍና በጥናት የታወቁ ናቸው። በ2020 በዚያው ተራራ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ፓርኩ ለከተማው ሕዝብ የሚሰጠውን ጥቅም አንክድም፤ እኛም ሄደን አርፈንበታል። ሆኖም አንድ ደን ከማገዶ ቦታነት ወደ ማረፊያ ቦታነት ሲለወጥ፥ ጎብኚው ባለቤት፥ ጭራሮ ለቃሚዋ እንግዳ ትሆናለች። ይህ ለውጥ በአጥር ከመጀመሩ በፊት በቃላት ይጀምራል።

በአርሲም ተመሳሳይ ጥያቄ ደርሷል። ጭላሎን፥ ጋላማንና ካካን የሚይዘው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ተቋቁሟል። የደጋ አጋዘን እንዳይጠፋ የሚያስብ ሰው ሁሉ ሊደግፈው የሚገባ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያው ተራራ ከብት የሚያሰማራ፥ ከግርጌውም ገብስ የሚዘራ ሕዝብ አለ። ተራራውን «ሰው ያልደረሰበት» እያልን ከጻፍን፥ ያ ሕዝብ ነገ ሲከራከር ምስክር አሳጥተነዋል ማለት ነው። «ሰው የሚኖርበትና የሚጠቀምበት፥ ስለዚህም ከርሱ ጋር ሊጠበቅ የሚገባው» ብለን ብንጽፍ ግን ለአጋዘኑም ለገበሬውም የሚጠቅም ነገር ተናገርን።

በሰሜንም ምሳሌ አለን። በደቡብ ጎንደር ያሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች፥ በእርሻ ተከበው እንደ ደሴት የሚታዩት፥ ከአየር ላይ በተነሡ ፎቶግራፎች ዓለምን አስደንቀዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ሲያጠኑ የዛፉን ዝርያ ብቻ አልቈጠሩም፤ ካህናቱንና ምእመናኑን የሥራው ተካፋዮች አደረጉ፥ በዙሪያውም የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አደረጉ። እነዚያ ደኖች ጸጥ ያሉት ሰው ስላልነካቸው ሳይሆን የሚጠብቃቸው ሰው ስላለ ነው። የደን ጸጥታ በሰው የተሠራ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አናውቅም።

ረ. መደምደሚያ

ለማጠቃለል ያህል፥ ስለ አገራችን ደንና ገጠር ለሚጽፍ የትምህርት ጓደኛችን ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን። ዛፉ ምን ዐይነት ነው፤ ማንስ ተከለው? በዚህ ሰዓት በደኑ ውስጥ ማን ምን ይሠራል? እኔስ እዚህ ምን ሆኜ ቆሜአለሁ? እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ጽሑፍ ስለ ውበት መናገር አይከለከልም። እንዲያውም ውበቱ የበለጠ ይታመናል፤ በአጣና ጭነትና በጭራሮ ሸክም መካከል የሚያልፍ የማለዳ ብርሃን ከባዶ ደን ብርሃን አያንስምና።

«የሯጮች ከተማ» ስለ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቆ በሚገባ መልሷል። ስለ ደኑ ያልጠየቀው ለእኛ የቀረ ሥራ ነው። ከውጭ የመጣ አዘጋጅ ብዙ ዓመት ሰጥቶ ይህን ያህል ካየ፥ በአንድ ቀን አውቶቡስ በቆጂ መድረስ የምንችለው እኛ ከዚያ ያነሰ ብናይ ይቅርታ የሚገባን አይመስለንም። በዚህ ኅትመት ሌላ ጊዜ የምናነበው ጽሑፍ፥ በበቆጂ ደን አጣና ቈርጦ የሚሸጥ አንድ ገበሬ ከችግኝ እስከ ገበያ ያለውን ሥራ በዝርዝር የሚገልጥ ቢሆን ደስ ይለናል። እዚህ በተናገርነው ነገር ስሕተት ያገኘ አንባቢም ጽፎ እንዲያርመን እንለምናለን።